ማንጎው ላዩ ደርቆ ውስጡ ለምን ሻገተ?

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ዙሪያ ነው። 8 የማንጎ ዛፍ ያላቸው አርሶ አደር እንዲህ ይላሉ፦

«ማንጎው አንድ ላይ ይደርስና ገበያው ይሞላል። ነጋዴው በፈለገው ዋጋ ይወስደዋል፣ የተረፈው ዛፉ ሥር ይበሰብሳል። ዘንድሮ ግንቦት መጨረሻ ላይ ልጄ በስልክ አይቶ እናድርቀው አለኝ። ሁለት ጣት በሚያህል ውፍረት ቆራርጠን ቆርቆሮ ላይ አሰጣነው። በሁለት ቀን ደረቀ፣ ግን ጠቆረ። ባልዲ ውስጥ ከድነን አስቀመጥነው። በ10ኛው ቀን ስንከፍተው ሻግቷል። ጥፋታችን የቱ ጋ ነው? የሻገተውንስ ለላሟ ብሰጣት ችግር አለው?»

ጋሼ፣ ከላሟ ልጀምር፣ እሱ ጊዜ አይሰጥምና። አይስጧት። አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። መርዙ ሻጋታውን ስለጠረጉት ወይም ስላፈሉት አይጠፋም። ላሟ ከበላችው ደግሞ ወደ ወተቷ ያልፋል፣ ወተቱን የሚጠጡት ልጆችዎ ናቸው። ዶሮዎቹም እንዳይቀምሱት። ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት።

አሁን ወደ ማንጎው። ማንጎዎ በሁለት ቀን አልደረቀም፤ የደረቀው ላዩ ብቻ ነው። የማንጎ ሥጋ ከ80 በመቶ በላይ ውኃ ነው። ቀትር ላይ እጅ የሚያቃጥል ቆርቆሮ ላይ ወፍራም ቁራጭ ሲያሰጡ ላዩ ቶሎ ይደርቅና እንደ ቆዳ ይሆናል፣ ውስጥ ያለው ውኃ መውጫ ያጣል። ሲነኩት ደረቅ ነው። ባልዲ ውስጥ ሲከደን ግን የመሐሉ እርጥበት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሻጋታም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ቤትዎ ቋንጣ ሲሰናዳ ያስቡት። ባለቤትዎ ሁለት ጣት የሚወፍር ሥጋ ገመድ ላይ ይሰቅላሉ? አይሰቅሉም። ወፍሮ የቀረ ካዩ መልሰው ይዘለዝሉታል። ማንጎም ያው ነው። ውፍረቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙ አይለፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እኩል ይሁን። አንዱ ስስ፣ አንዱ ወፍራም ከሆነ ስሱ ሲደርቅ ወፍራሙ እርጥብ ይቀርና አንድ ዕቃ ውስጥ ሲገቡ የደረቀውንም ያበላሸዋል።

የጠቆረበት ምክንያት ሌላ ነው። የተቆረጠ ማንጎ አየር ሲያገኘው በራሱ ይጠቁራል፣ የሚዝግ የብረት ቢላዋ ሲነካው ደግሞ ይብስበታል። የማይዝግ ቢላዋ ይጠቀሙ። የሎሚ ጭማቂና ንጹሕ ውኃ እኩል ለእኩል ይቀላቅሉና ቁራጩን 10 ደቂቃ ያህል ነክረው ያንጠፍጥፉት። ቆርቆሮውን ይተዉት። የማንጎው አሲድ ከቆርቆሮው ልባጥ ዚንክ እየፈታ ምግቡ ውስጥ ያስገባል።

አንድ ነገር ግን ከቢላዋውም ከሎሚውም ይበልጥብኛል፣ እሱም ጊዜው ነው። ግንቦት መጨረሻ ዘግይታችኋል። ሰማዩ ይደማምናል፣ አየሩ ይረጥባል፣ ሰኔ ከገባማ በፀሐይ ማድረቅ ከዝናብ ጋር መታገል ነው። ብዙ ገበሬ ማድረቅ የሚያስበው ማንጎው መውደቅ ሲጀምር ነው። የወደቀው ተፈንክቷል፣ የፍራፍሬ ዝንብ ትል ገብቶበታል፣ መፍላት ጀምሯል። ማድረቅ የተበላሸ ፍሬ አያድንም። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ፣ ዋጋው ገና መውረድ ሲጀምር፣ ከጥሩው ፍሬ ላይ ከፍለው ለማድረቂያ ይለዩ። በስሎ ያልለሰለሰውን፣ ጣት ሲጫነው ትንሽ እሺ የሚለውን። መስጠቱ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ጥሩው ፍሬ የሚሸጠው ነውና። ግን በኋላ በርካሽ የሚሄደውም፣ ዛፍ ሥር የሚቀረውም ያው ፍሬ ነው።

ማድረቂያውን ራስዎ መሥራት ይችላሉ። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ የጣውላ ሣጥን ይሥሩ፣ እግር ያብጁለትና አንዱን ጫፍ ከሌላው ከፍ ያድርጉት። ወለሉን ከውስጥ ጥቁር ቀለም ይቀቡ። ዝቅ ባለው ጫፍ ከታች በኩል፣ ከፍ ባለው ጫፍ ከላይ በኩል የአየር ቀዳዳ ያውጡ፤ ቀዝቃዛው አየር በታች ገብቶ ሞቆ እርጥበቱን ይዞ በላይ ይወጣል። ቀዳዳ የሌለው ሣጥን ማንጎውን በእንፋሎት ይቀቅለዋል እንጂ አያደርቀውም። ላዩን ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ላስቲክ ይወጥሩበት። የግሪንሃውስ ላስቲክ ካገኙ ይሻላል፣ ተራው ፀሐይ ቶሎ ይበጣጥሰዋል። ማንጎው ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የናይሎን ወንፊት ላይ ይሰጣ፣ ከሥሩም አየር እንዲያገኝ። አንድ ካሬ ሜትር ወንፊት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ቁራጭ ይይዛል፣ እንዳይደራረብ።

ሣጥኑን ወደ ደቡብ አዙሩ ሲባል ሰምተው ይሆናል። ለበጋው እውነት ነው። እናንተ ጋ ግን ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ስለዚህ ዛፍና ግድግዳ የማያጠላበትን ቦታ ይምረጡ እንጂ ስለ አቅጣጫው አይጨነቁ።

አደራ፣ ለወባ መከላከያ የሚታደለውን አጎበር ለዝንብ መከላከያ ብላችሁ ማንጎ ላይ እንዳታለብሱ። ፀረ ተባይ የተነከረ ነው። ለመስኮት የሚሸጠው ተራ የናይሎን ወንፊት ይበቃል።

የሣጥኑ ሙቀት ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ቀዳዳውን ያስፉት። በቀን አንዴ ያገላብጡ። ማታ ማታ ወንፊቱን ወደ ቤት ያስገቡ፣ ቀን የወጣውን እርጥበት ሌሊት ጤዛው ይመልሰዋልና። ሰማዩ ከጠራ በ2 ወይም በ3 ቀን ይደርቃል።

መድረቁን እንዴት ያውቃሉ? በሙቀቱ አይፈትኑት፣ ትኩስ ማንጎ ሁሌም ለስላሳ ነው። ጥላ ላይ ያቀዝቅዙትና አንዱን ቁራጭ እጥፍ ያድርጉት። እንደ ለስላሳ ቆዳ ይታጠፋል፣ ግን እርስ በርሱ አይጣበቅም። ቀጥሎ ከመሐሉ ይቅደዱትና የተቀደደውን ጫፍ በጣት ጨመቅ ያድርጉት። ጣትዎ እርጥበት ካገኘ ገና ነው፣ ይመለስ። ከየወንፊቱ ሦስት አራት ቁራጭ፣ በተለይ ወፈር ወፈር ያለውን ይሞክሩ።

ከዚያም ወዲያው አይደብቁት። በደንብ የታጠበና የደረቀ የመስታወት ብልቃጥ ሁለት ሦስተኛውን ሞልተው ይክደኑትና ለ10 ቀን በየቀኑ ያናውጡት። ክዳኑን ከውስጥ ይመልከቱ። እንደ ላብ የመሰለ ጠብታ ካዩ ሁሉንም አውጥተው እንደገና ፀሐይ ያስመቱት። ይህን ብታደርጉ ኖሮ ባልዲው ከመሻገቱ በፊት ይነግራችሁ ነበር። ፍሪዘር ያለው ዘመድ ካለዎት 48 ሰዓት አስቀምጠው ያውጡት፣ የነፍሳት እንቁላል ካለበት ይሞታል። ከዚያ በኋላ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ። በእናንተ አካባቢ ሙቀት በ6 ወር ውስጥ ቢበላ ጥሩ ነው።

የእርስዎ ዛፎች የአገር ማንጎ ከሆኑ ክሩ ይበዛል፣ በቁራጭ ሲደርቅ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ለእሱ ሌላ ዘዴ አለ። ሥጋውን ጨፍልቀው በወንፊት ያጥልሉት፣ ክሩ ይቀራል። ለ1 ኪሎ ጭማቂ ሁለት ማንኪያ ሎሚ ይጨምሩና እስኪንተከተክ ያሙቁት። ዘይት በስሱ የተቀባ ትሪ ላይ እንደ ስስ ቂጣ አፍስሰው ያድርቁት። ሲደርቅ ይላጣል፣ ይጠቀለላል። አንዲት እናት ቤት ይህን ስንሠራ ልጆቹ ትሪው ሳይደርቅ ከዳር ከዳሩ እየላጡ ጨረሱት፤ ለጾም መክሰስም ይሆናል።

ስለ ገበያው ሳልደብቅ ልንገርዎት። ከ10 ኪሎ ሙሉ ማንጎ የሚያገኙት 1 ኪሎ ገደማ ደረቅ ነው። ልጣጩና የውስጥ ዘሩ ይጣላል፣ ውኃው ይተናል። ዋጋ ሲተምኑ የ10 ኪሎ ማንጎ ዋጋ፣ ሎሚው፣ ብልቃጡ፣ የእናንተም የ3 ቀን ድካም ውስጡ መኖሩን አይርሱ። መጀመሪያ ከ20 ኪሎ በማይበልጥ ማንጎ ይሞክሩ። ብልቃጦቹን 2 ወር አስቀምጠው አንድ በአንድ ይክፈቷቸው፣ ያሽቷቸው፣ ይቅመሷቸው። ያን ካለፈ ለሰው ይሽጡ።