ጥያቄና መልስ፦ ዳሽቦርድ ውስጥ የሚያፏጨው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. የ1991 ፖርሽ 911 («964» የሚባለውን) የያዙ አንባቢ እንዲህ ይላሉ፦ ቁልፉ ሲከፈት ከዳሽቦርዱ መሀል ቀጭን ፉጨት ይነሳል። የአየሩን ፍጥነት ቢጨምሩም ቢቀንሱም ፉጨቱ ያው ነው። መካኒኩ «ዋናው ፋን ይቀየር» ብሏቸዋል።

ቆይ ይበሉት። ዋናው ፋን ቢሆን ኖሮ ድምፁ ከፍጥነቱ ጋር ይወጣና ይወርድ ነበር። የሚያፏጨው ከጋቢናው የአየርና የሙቀት መቆጣጠሪያ ጀርባ የተቀመጠች፣ ብዙ ሰው መኖሯን እንኳ የማያውቃት ትንሽ ፋን ናት። የጋቢናውን አየር በቀጭን ፍርግርግ ስባ በሙቀት ሴንሰሩ ላይ ታሳልፋለች፤ የጋቢናውን ሙቀት በራሱ የሚያስተካክለው አውቶማቲክ ስንት ዲግሪ እንደሆነ የሚያውቀው በእሷ ነው። ቢኤምደብሊው ኢ46 ላይም አለች። ሞቀ በረደ ሳትል ቁልፉ እስከተከፈተ ድረስ ስለምትዞር ከዋናው ፋን ቀድማ ታረጃለች። ዘንጓን የሚይዘው ቡሽ ብዙ ጊዜ ከተጨመቀ የነሐስ ዱቄት የተሰራ ሲሆን ዘይቱን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይዞ ይኖራል። ዘይቱ ሲደርቅና አቧራ ሲገባበት ማፏጨት ይጀምራል፤ ጠዋት ጠዋት ይብስበታል።

ለማረጋገጥ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ። የቴምብር ስፋት ያላት ሶፍት ቀደው ፍርግርጉ ላይ ያስጠጉ። ሶፍቷ ተስባ ከተለጠፈች ፋኗ እየሰራች ነው፤ ከወደቀች ወይ ቆማለች ወይ በአቧራ ታፍናለች። ጣትዎን እዚያው ፓነሉ ላይ ቢያሳርፉ ደግሞ ንዝረቷ ይሰማዎታል።

ከዚያ ቁልፉን ይዝጉ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ (ሬዲዮው ኮድ ካለው አስቀድመው ይያዙት)፣ መቆጣጠሪያውን ሽቦዎቹን ሳይጎትቱ ያውጡ። አቧራውንና ፀጉሩን በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ። ክንፏን በጣት ሲገፏት ጥቂት ዞራ ቀስ ብላ መቆም አለባት። ዘንጉ ወደ ጎን ካልተንቀጠቀጠ መሀሏ ላይ ያለውን ወረቀት ገልጠው አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ያድርጉ። አንድ! ሁለተኛው ጠብታ አቧራ መሰብሰቢያ ነው። የዛገ ብሎን የሚያላቅቀውን ስፕሬይ ግን አደራ፤ ቡሹ ውስጥ የቀረችውን ዘይት አጥቦ ያወጣትና ሳምንት ዝም ብላ ከዚያ ትጮህብዎታለች። ዘንጉ ከተንቀጠቀጠ ዘይት አያድናትም፣ ትቀየር። አዲሷን ሲገዙ ቮልቱን፣ ስፋቷንና አየር የምትገፋበትን አቅጣጫ ያመሳክሩ።

ሌላው አንባቢ ይህችኑ ፋን ሽቦዋን ቆርጠው «ተገላገልኩ» ይላሉ። አሁን አውቶማቲኩ በብርድ ቀን ቀዝቃዛ አየር እየነፋ አስቸግሯቸዋል።

ምን ያድርግ? ሴንሰሩ አየር ሲያጣ የሚለካው ከጀርባው ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ሙቀት ነው። ጋቢናው የጋለ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ያቀዘቅዛል። ሽቦውን ይቀጥሉት፤ ቀይና ጥቁሩን እንዳያቀያይሩ። ከተቀያየሩ እንደ ሞተሯ አሠራር ወይ ወደ ኋላ ትዞራለች ወይ ጨርሶ አትዞርም።

«ዘይት በአየር መውጫው በኩል ብረጭስ?» አይሆንም። ዘይቱ የሚያርፈው የፊት መስታወቱ ላይ ነው።

በዝቅተኛ ፍጥነት «ጠቅ ጠቅ» የሚል፣ ፍጥነቱ ሲጨምር የሚፈጥን ድምፅ? ቅጠል ነው። በፊት መስታወቱ ግርጌ ባለው የአየር መግቢያ ገብቶ ዋናው ፋን ላይ ተጠምዷል። ሲያወጡት ክንፎቹ ላይ የተሰካች ትንሽ ብረት ካዩ አይንኳት፤ ለሚዛን የተደረገች ናት። ያለሷ ዳሽቦርዱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል።

መኪናው እንደተነሳ ለጥቂት ሰከንድ ተንጫጭቶ ዝም የሚለው ደግሞ ፋን አይደለም፤ ዳሽቦርዱ ውስጥ አየሩን ወዲያና ወዲህ የሚመራውን ትንሽ በር የምታንቀሳቅሰው ሞተር የፕላስቲክ ጥርሷ ተበልቷል።

ዋናው ፋን በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ የሚሰራባቸው፣ ሪዚስተር (ኤሌክትሪኩን ቀንሶ የፋኑን ፍጥነት ዝቅ የሚያደርገውን ዕቃ) ለሁለተኛ ጊዜ የቀየሩ አንባቢ ዕቃው የማይረባ መሆኑን ጠይቀዋል።

ዕቃውን አይውቀሱት። የመጨረሻው ፍጥነት ሪዚስተሩን ሳይነካ ስለሚያልፍ ነው የተረፈው። ቡሹ የደረቀ ሞተር ብዙ አምፒር ይስባል፤ ቀስ ብሎ ስለሚዞርም ሪዚስተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ያንሳል። ከሁለቱም ወገን ይጠበሳል ማለት ነው። መጀመሪያ ሞተሩ የሚስበውን ያስለኩ። በመጨረሻው ፍጥነት ወደ ፊውዙ ልክ ከተጠጋ፣ ለምሳሌ በ30 አምፒር ፊውዝ 28 ከሳበ፣ የሚቀየረው ሞተሩ ነው። ትልቅ ፊውዝ መክተት ሽቦውን ራሱን ፊውዝ ማድረግ ነው። መለኪያ ከሌለዎት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይለካልዎታል።

የመጨረሻው አንባቢ ዋናው ፋን ከማቀዝቀዣው ቤት ጀርባ ስለሆነባቸው የጋዙን ቱቦ በራሳቸው ሊፈቱ አስበዋል።

አይፍቱ። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ቱቦው ውስጥ ያለው የማቀዝቀዣ ጋዝ አር-134ኤ የሚባለው ከሆነ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ፈሳሽ ነው፤ እጅ ላይ ከፈሰሰ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። መኪናዎ አሮጌ ከሆነ አር-12 የሚባለው የድሮ ጋዝ ሊሆንም ይችላል። እሱ ደግሞ የኦዞንን ሽፋን ይጎዳል፣ እሳት ካገኘው መርዛማ ጭስ ይወጣዋል። ጋዙን በማሽን የሚሰበስብ የኤር ኮንዲሽነር ባለሙያ ጋ ይሂዱ፤ ከዚያ በኋላ ፋኑን ራስዎ ያውጡ፣ ማንም አይከለክልዎትም። ቱቦዎቹ ወዲያው ይደፈኑ። ሲገጠም የጎማ ቀለበቶቹና ድራየሩ (ከጋዙ እርጥበት የሚመጠው ዕቃ) አዲስ ይሁኑ፤ አየር ያገኘ ድራየር እርጥበት ጠጥቶ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ጋዝ ከመሞላቱ በፊትም መስመሩ ውስጥ ያለው አየር በቫኪዩም ፓምፕ መሳብ አለበት።