የሞተ የሬቲና ሴል ይተካል? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ወንድሜ ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ የሚባል በዘር የሚመጣ የዓይን በሽታ አለበት። መጀመሪያ ማታ ማየት አቃተው፣ አሁን ደግሞ ጎንና ጎኑ እየጠፋበት ነው። ለምን እንዲህ ይሆናል?

ሬቲና፣ ማለትም ከዓይን ውስጠኛው ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ላይ፣ ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሴሎች አሉ። ሮዶች ለድንግዝግዝ ናቸው፤ ኮኖች ለቀለምና ለጥቃቅን ነገር። በዚህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚሞቱት ሮዶች ናቸው። እነሱ ደግሞ የሬቲናው መሃል ላይ የሉም፤ ከዚያ ወጣ ብለው ነው የሚበዙት፤ ጎንና ጎኑ ቀድሞ የሚጠፋው ለዚህ ነው። የሚገርመው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። የተበላሸው ጂን የሚሠራው ሮድ ውስጥ ብቻ ቢሆንም፣ ጤነኞቹ ኮኖችም ኋላ ይከተላሉ። ለምን? ሮዶች ለኮኖች የሚያመነጩት ጠቃሚ ፕሮቲን አለ፤ እሱ ይቀራል። ኮኖቹ ስኳር ያጥራቸዋል የሚል ጥናትም አለ። እኔን በጣም የሚያጓጓኝ ይሄኛው መስመር ነው፤ ኮኖቹን ማቆየት ከተቻለ፣ ጥፋቱ የየትኛውም ጂን ይሁን፣ ማንበብና ፊት መለየት ይተርፋል።

የጂን ሕክምና ተገኘለት ሲባል ሰማሁ። ለሁሉም ይሆናል?

አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሉክስተርና የተባለው የጂን ሕክምና የሚሠራው አርፒኢ65 የተባለው ጂን ሁለቱም ቅጂ ለተበላሸባቸው ብቻ ነው። በሽታውን የሚያመጡት ጂኖች ግን በደርዘን የሚቆጠሩ ናቸው። በዚያ ላይ ገና ያልሞቱ ሴሎች መኖር አለባቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የጂን ምርመራ።

ካሮት ብበላስ?

ችግርዎ በቫይታሚን ኤ እጥረት የመጣ ዳፍንት ከሆነ ይጠቅማል። ካልሆነ ብዙም አይጠብቁ። እንዲያውም ስታርጋርት የሚባለው በዘር የሚመጣ የሬቲና በሽታ ያለበት ሰው የቫይታሚን ኤ እንክብል እንዳይወስድ ይመከራል።

እናቴ በእድሜ የሚመጣ የማኩላ (የሬቲናው መሃል) ሕመም አለባት። ቫይታሚን ልግዛላት?

ደረጃውን ሐኪሟን ይጠይቁ። ሉቲን፣ ዚንክና ሌሎችም ያሉበት ቅይጥ መካከለኛ ደረጃ ላይ ላሉ ሰዎች መባባሱን ያዘገያል። የጠፋውን አይመልስም። ሲጋራ የምታጨስ ወይም ያጨሰች ከሆነ ቤታ ካሮቲን ያለበትን አይግዙ፤ የሳንባ ካንሰር ስጋት ይጨምራል።

የሞተው ሴል መልሶ አይበቅልም?

ዓሣ ላይ ይበቅላል። እኛ ላይ በራሱ አይበቅልም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ አንድ ጥናት ግን ሌላ መንገድ አሳይቷል፤ የተረፉትን የሬቲና ነርቮች በጂን አማካኝነት ብርሃን እንዲቀበሉ ማድረግ። ለዓመታት ማየት ተስኖት የነበረ ሰው ልዩ መነጽር አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ያለ ዕቃ ለይቶ ነካ። ስቴም ሴልም፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል፣ በሙከራ ላይ ነው። ሙከራ ነው ተብሎ ክፈሉ ከተባሉ ግን ይሽሹ። ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት ሴቶች እንዲህ ከፍለው ሁለቱንም ዓይናቸውን ተወጉና የነበራቸውንም እይታ አጡ።