ዲዲ 214 ላይ ያልተጻፈ የአፍጋኒስታን ግዳጅ (መልስ)

ወንድሜ፣ በአሜሪካ ጦር ሳለህ አፍጋኒስታን የቆየህባቸው 9 ወራት ዲዲ 214 (ከጦሩ ስትሰናበት የሚሰጥህ የአገልግሎት ማስረጃ ወረቀት) ላይ አልሰፈሩም፣ ምን ላድርግ ነው ያልከው። አይዞህ፣ የሚስተካከል ነገር ነው።

መጀመሪያ ሙሉ ፋይልህን ሴንት ሉዊስ ካለው የወታደር መዝገብ ማዕከል አስወጣ። የግዳጅ ትእዛዝህ እዚያ ከተገኘ ግማሹ ሥራ አለቀ። ካልተገኘ የጦር ቀጣና ክፍያ የሚታይበት የደሞዝ ወረቀት ወይም አብሮህ የነበረ ሰው ፈርሞ የሰጠው ቃል ፈልግ። «ነበርኩ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ማስረዳቱ ያንተ ዕዳ ነው።

ከዚያ ዲዲ 149 የሚባለውን የመዝገብ እርማት ማመልከቻ ቅጽ ሞልተህ ለጦሩ የመዝገብ እርማት ቦርድ ላክ። ኮፒ እንጂ ኦሪጅናል እንዳትልክ! ጊዜው ስህተቱን ካወቅክበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ነው። ካለፈህም ቦርዱ ለፍትሕ ሲል ሊያይልህ ይችላል፣ ብቻ ለምን እንደዘገየህ ጻፍ። መልሱ ወራት ይፈጃል፤ እኔማ መጠበቁ ነበር የሰለቸኝ።

በዚያው ስምህንም እይ። የእኛ የአባትና የአያት ስም እዚያ ሲደርስ ይምታታል።

እርማቱ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ዲዲ 215 የሚባል ተጨማሪ ወረቀት ነው። ከ214ቱ ጋር አያይዘህ አስቀምጠው።