ኮሎራዶ ላይ ለአጋዘን የትኛው ጥይት ይሆናል? ጥያቄና መልስ

ኮሎራዶ ተራራ ላይ ማደን ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። የጠብመንጃው ወቅት ሳይከፈት ስለ ጥይት ጠይቁኝ። ስለ ስኮፕና ስለ ጫማ ሌላ ቀን። የማወራው የኮሎራዶን ሕግ ነው፤ ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን አንብቡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሕጉ ባጭሩ ምን ይላል?

መልስ፦ ካሊበሩ፣ ማለት የአረሩ ውፍረት፣ ከ0.24 ኢንች አይነስ። አረሩ ለአጋዘን ቢያንስ 70 ግሬን (የክብደት መለኪያ ነው)፣ ከአጋዘን ለሚገዝፉት ለኤልክና ለሙስ 85 ይሁን። ሲመታ የሚሰፋ ዓይነት መሆን አለበት። ጉልበቱ ደግሞ 100 ያርድ ላይ ቢያንስ 1,000 ፉት ፓውንድ (የጉልበት መለኪያ)። ልብ በሉ፣ አፈሙዙ ላይ ያለው ቁጥር አይደለም። አምራቹ ለ100 ያርድ ያወጣውን ፈልጉ። ሳጥኑን አንብቡ።

ጥያቄ፦ 223 ጠብመንጃ አለኝ። ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። አረሩ 0.224 ኢንች ነው።

ጥያቄ፦ ከባድ አረር ብገዛለትስ?

መልስ፦ አይሆንም አልኩ እኮ። ክብደቱ ውፍረቱን አይቀይረውም።

ጥያቄ፦ የክላሽ ጥይትስ ጋሼ? አገር ቤት የለመድኩት እሱን ነው።

መልስ፦ ካሊበሩ ያልፋል። ችግሩ ርካሹ ጥይት ነው። ጫፉ ድረስ በብረት የተለበጠው የወታደር ጥይት ሲመታ አይሰፋም። በስቶት ያልፋል፤ እንስሳው ቆስሎ ጫካ ገብቶ ይሞታል። ሕጉም የከለከለው ለዚህ ነው። ጫፉ ላይ እርሳሱ የሚታየውን ግዛ፤ የ100 ያርዱን ቁጥር ሳጥኑ ላይ አይተህ። ጠብመንጃው ራሱ የሚያጎርስ ከሆነ ደግሞ ካዝናውና በርሜሉ ውስጥ ያለው ተደምሮ ከ6 ጥይት አይበልጥም።

አንድ አባል፦ ይቅርታ፣ እዚህ የምታድኑት ዲር (deer) አጋዘን አይደለም። አጋዘን አገራችን ያለው ቀንዱ የተጠማዘዘው ነው። ዲር ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል፤ የኛው አይጥልም።

ሌላ አባል፦ ታዲያ ምን እንበለው? መዝሙረ ዳዊት ላይ ያለው ዋላ ነው።

አንድ አባል፦ ዋላ በሉት እንጂ!

መልስ፦ ትክክል ናችሁ፤ ግን ሰዉ ሁሉ አጋዘን ይለዋል። ወደ ጥይቱ።

ጥያቄ፦ ምርጡ ጥይት የቱ ነው?

መልስ፦ ለየትኛው ጠብመንጃ? በስንት ያርድ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ጥያቄ፦ እሺ፣ 308 ነው፤ እስከ 200 ያርድ። እርሳስ ወይስ መዳብ?

መልስ፦ አሁን ጥያቄ መጣ። 308 በ150 ግሬን አረር 100 ያርድ ላይ 2,100 ፉት ፓውንድ ገደማ አለው፤ ሕጉን እጥፍ ያልፋል። እርሳስም መዳብም ሕጋዊ ነው። እኔ ግን ወደ መዳብ ዞሬአለሁ።

አንድ ዓመት ልጄ ጥብስ ስትበላ ጥርሷ ላይ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። አውጥታ ሰጠችኝ። የጤፍ ፍሬ የምታክል ግራጫ ቅንጣት። እርሳስ ነበር። እርሳስ ሲመታ ይበታተናል፤ ከቁስሉ ርቆም ሥጋው ውስጥ ይገባል። መዳብ ግን እንደ አበባ ተከፍቶ አንድ ላይ ይቆያል። ካሊፎርኒያ ለአደን እርሳስን ከ2019 ሐምሌ ጀምሮ ጨርሶ ከልክላለች።

መዳብ የራሱ ጠባይ አለው። ከእርሳስ ስለሚቀል በእኩል ክብደት ይረዝማል። የረዘመ አረር አንዳንድ በርሜል ውስጥ በደንብ አይሽከረከርም። ስለዚህ በእርሳስ 165 ግሬን ትተኩስ ከነበረ በመዳብ 150 ሞክር። ለመከፈት ፍጥነት ይፈልጋል፤ በጣም ርቀህ አትተኩስ። ዋጋውም ይከብዳል። ለልጆቼ ስል እከፍላለሁ።

ጥያቄ፦ ባርኮ ያላረደው ሥጋ ይበላል እንዴ?

አንድ አባል፦ ዘዳግም 14፥5 ላይ ዋላ ንጹሕ ነው ይላል።

ሌላ አባል፦ ንጹሕ መሆኑና አስተራረዱ ይለያያል።

ሦስተኛ አባል፦ እኛ ሙስሊሞች ስንተኩስ ቢስሚላህ እንላለን።

መልስ፦ የነፍስ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን ጠይቁ። የኔ ነገር ይኼ ነው፦ የሚበላውን ሥጋ ጥሎ መሄድ ኮሎራዶ ውስጥ ወንጀል ነው። የነቢያት ጾም ቢደርስባችሁ ፍሪዘር አዘጋጁ።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ጠብመንጃ መያዝ እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ። በቪዛ ያላችሁ ሕጋችሁ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ጠበቃ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ የተረፈው 6.5 ክሪድሙር ሰጠኝ። የኔ 243 ነው። ይቀራረባል አይደል?

መልስ፦ እንዳትሞክረው! በርሜሉ ላይ የተቀረጸውና ቀለሁ ግርጌ ላይ የተጻፈው አንድ ካልሆነ አይጎረስም። ጠብመንጃው ፊትህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። መልስለት። ለ243 ባለ 100 ግሬን ግዛ፤ ለአጋዘን ይበቃል።

ጥያቄ፦ የትኛው ጥይት ይሻላል ጋሼ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ እህታችሁ ነኝ፤ ዘንድሮ የመጀመሪያዬ ነው። ስንት ሳጥን ልግዛ?

መልስ፦ ጎበዝ እህቴ። ሦስት፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ የሎት ቁጥራቸውም (ሳጥኑ ላይ ያለው የምርት መለያ) አንድ። እኔ አንድ ጊዜ የለመድኩት አልቆ ማታውን ሌላ ዓይነት ገዛሁ። ጠዋት ቀረብኩ፣ ተኮስኩ፣ ሳትኩ። በኋላ ዒላማ ላይ ብሞክረው አራት ጣት ወደ ግራ ይመታል። ሁለቱን ሳጥን መለማመጃ አድርጊው። ሦስት ተኩሰሽ በርሜሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ፣ ከዚያ ሌላ ሦስት። ሦስተኛውን ሳጥን ተራራው ላይ ነው የምትከፍቺው።