ጅቡን ልመርዘው ወይ?

ጥያቄ፦ ከቢቸና አካባቢ ነኝ። በዚህ ወር ብቻ ጅብ ሁለት በጎቼን ከጉረኖ አውጥቶ በላብኝ። ትናንት ደግሞ አህያዬ ሞተች። ሬሳዋ ላይ የተባይ መድኃኒት ረጭቼ ለጅቡ ላስቀምጥለት አስቤአለሁ። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ይቅርብዎት። ንዴትዎ ይገባኛል፤ በግ ለገበሬ የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያ ነው። ግን መርዝ ሰው አይለይም፣ ጅብም አይለይም። ጅቡ ማታ ሳይመጣ ቢቀር ጠዋት ጥንብ አንሳው ይወርድበታል፤ የጎረቤት ውሻም ይቀምሰዋል። ጥንብ አንሳ ሬሳ ላይ የሚሰፍረው በመንጋ ነው፤ ስለዚህ አንድ የተመረዘ ሬሳ ብዙውን በአንዴ ይፈጃል። እንደ ዶሮ ቶሎ አይተካም። አብዛኛው በዓመት የሚጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው።

"አሞራ ቢያልቅ እኔን ምን ቸገረኝ?" ይሉ ይሆናል። ህንዶችም እንደዚያው ሳይጨነቁ ቆይተው ነበር። ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ለከብት ይወጉ ነበር። የታከመው ከብት ሲሞት ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ እየተበላሸ ረገፈ። አንዳንዱ ዝርያ ከመቶ ከ95 በላይ ጠፋ። ሬሳው ሜዳ ላይ ሲቀር የሚበላው ውሻ ሆነ፤ ባለቤት የሌለው ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትም አብሮ በዛ። መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ የተከለከለው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። በነገራችን ላይ በሬዎ ቢያነክስ የሰው ዲክሎፌናክ አያስወጉት። የእንስሳት ሐኪሙን ጥንብ አንሳን የማይጎዳው ማስታገሻ፣ ሜሎክሲካም፣ እንዳለው ይጠይቁት።

የጅቡ መፍትሔ ጉረኖው ላይ ነው። ግንቡን በድንጋይ ከፍ ያድርጉት፣ ጫፉን በእሾህ ይድፈኑት፣ በሩ ማታ ይጠረቀም። ጓሮ የሚጣል ሬሳም ለጅብ መንገድ ማሳያ ነው። ከሰፈር፣ ከምንጭና ከግጦሽ ርቆ ከተጣለ ማታ ጅቡ፣ ቀን አሞራው በነጻ ያጸዱልዎታል። ጅብ አጥንቱን እንኳ አያስቀርም።

ግን አህያዋ በምን እንደሞተች አልነገሩኝም። ድንገት ከሞተች፣ ከአፍንጫዋ ወይም ከፊንጢጣዋ ያልረጋ ደም ከወጣ፣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ያኔ ለአሞራም አትጣል። አትገፈፍ፣ አትከፈት፤ ሬሳው ከተከፈተ ተህዋሲው አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ሰውና ውሻ እንዳይጠጋ አድርገው ዛሬውኑ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይደውሉ። መድኃኒቱን ረጭተው ከሆነም ይንገሩት፤ ሬሳው በጥልቅ ጉድጓድ መቀበር አለበት።