መልስ፦ ባብ ኤል መንደብ ቢዘጋ ከቻይና ያዘዝኩት ዕቃ ኮምቦልቻ ይደርሳል?

ይደርሳል ወንድሜ። ጅቡቲ ያለችው የቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ ከሆነው ጠባብ መተላለፊያ፣ ከባብ ኤል መንደብ፣ በስተደቡብ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው። ከቻይና የሚመጣ መርከብ መተላለፊያውን ሳያቋርጥ ይገባል፤ ቀድሞ የሚቸገረው በስዊዝ ቦይ ከአውሮፓ የሚያስመጣው ነው።

አንተን የሚነካህ የመርከብ ማጓጓዣ ኪራዩ ነው። ከ2023 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የሁቲ (የየመን ታጣቂ ቡድን) ጥቃት ወዲህ ብዙ መርከቦች አፍሪካን በደቡብ ዞሩ፣ የእስያና የአውሮፓ ጉዟቸው ከ10 ቀን በላይ ረዘመ። መርከብና ኮንቴይነር ሲያጥር የሌላውም መስመር ዋጋ ይወጣል። ጭማሪውን ማን እንደሚከፍል በውሉ አስጽፍ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ተራው የባሕር ኢንሹራንስ የጦርነት ጉዳትን አይሸፍንም፤ ለብቻው አስጨምር። እሱም በተለምዶ ዕቃው ከመርከብ ሲራገፍ ያበቃል። ከጅቡቲ ወደብ በጋላፊ፣ በሚሌና በባቲ እስከ ኮምቦልቻ ላለው መንገድ ሌላ ሽፋን ጠይቅ።