ባፍሉን ካወጣህ በኋላ ሞተርህ ለምን ደከመ?

ከሐዋሳ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ለ150 ሲሲ ሞተርህ የገዛኸውን ማርሚታ (የጭስ ድምፅ ማፈኛ) ድምፁ እንዲወፍር ብለህ ውስጡ ያለውን ባፍል፣ ያንን በቡሎን የታሰረ ብስ ቱቦ፣ ጭራሽ አውጥተኸዋል። አሁን ጎረቤት ተማሯል፣ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ነዳጅ መስጠትህን ስታቆም ይተኩሳል። ጩኸቱ ቀንሶ ጉልበቱ የሚመለስበትን መንገድ ነው የጠየቅኸኝ።

ባፍሉን መልሰህ ግጠመው። ማርሚታው ባዶ ሲሆን የጭሱ ፍጥነትና ወደ ሲሊንደሩ የሚመለሰው የግፊት ሞገድ ይዛባል፤ ያ ደግሞ በዝቅተኛ ዙር ላይ በደንብ ይታወቅሃል። አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡሬተርም የተስተካከለው ለድሮው ማርሚታ ስለሆነ አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ያንሳል። እንዲህ ሆኖ ወራት የተነዳ ሞተር ፈትቼ፣ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ጠርዝ አይጥ እንደበላው ተሸርፎ አግኝቻለሁ። አንተ እዚያ እንድትደርስ አልፈልግም።

መተኮሱ ግን ሁልጊዜ ከባፍሉ አይመጣም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሳና የጭስ ቱቦው ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ሳትነካ፣ እጅህን አስጠጋ። ትንፋሽ ከተሰማህ መጀመሪያ በመካከላቸው ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ቀይር።

ከዚያ ባፍሉን ሞርሳ ላይ እሰርና ጫፉን በዘጋው ሳህን ላይ ባለ 6 ሚሊሜትር ቀዳዳ 2 ብቻ ብሳ። ጠርዙን በሞረድ አጥራ፤ ግጠምና ዳገቱን ውጣ። ጉልበቱ ካነሰህ 2 ጨምር። አራቱ ቀዳዳዎች ተደምረው የአንድ ባለ 12 ሚሊሜትር ቀዳዳ ስፋት አላቸው፤ እንዳትንቃቸው። እኔ አራት ላይ አቆማለሁ። ጩኸቱ ከበዛብህ አንዱን ባለ 5 ሚሊሜትር ቡሎን በሮንዴላና በሁለት ዳዶ ድፈነው፤ ትንሽ ቀዳዳ የምወደው ለዚሁ ነው፣ ስህተቱ ይታረማል። ብየዳ ካስፈለገ ማርሚታውን ከሞተሩ አውርደህ ይበየድ፤ አለዚያ የኤሌክትሪክ ዕቃውን ልታቃጥለው ትችላለህ።

ብዙ ሰው የሚረሳው በባፍሉ ቱቦ ዙሪያ የሚጠቀለለውን ፋይበር ግላስ ነው። እሱ ተቃጥሎ ሲያልቅ ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ይሰነጥቃል። ጓንትና ጭንብል አድርገህ አዲስ ጠቅልልበት፤ አታጭቀው። ጉልበት ሳይነካ ድምፁን የሚያወፍረው ይሄ ነው፣ አንተ የፈለግኸውም ይህንኑ ድምፅ ይመስለኛል።

መጨረሻ ላይ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ እይ። አሥር ኪሎ ሜትር ያህል በደንብ ነድተህ አጥፋና ሲቀዘቅዝ ፍታው። ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ምንም አትንካ። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፤ ዋናውን ጂግለር (በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥነውን ብስ) በአንድ ቁጥር አሳድገው፤ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል። ባሕር ጠረፍ ያሉ ሰዎች ሁለት ሦስት ቁጥር አሳድግ ቢሉህ አትቸኩል፤ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ በራሱ ይበዛል። ካንዴላውን ሳታይ ጂግለር አትግዛ።